ቅጠሉ ተራ ይዞ ይቀላል፦ የዋሽንግተኑን ናሽናል አርቦሬተም በወርኃ ጽጌ እንዴት እንጎብኘው?

እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አሜሪካ የመጣችው በጥቅምት ነበር። ከኤርፖርት ወደ ቤት ስንነዳ ከመስኮቱ ዓይኗን ሳትነቅል ቆየችና፣ «ልጄ፣ ዛፎቹን ምን ነካቸው? ታመው ነው እንዴ?» አለችኝ። መንገድ ዳር የተተከሉት ሜፕሎች እሳት መስለው ነበር። በሳምንቱ ናሽናል አርቦሬተም ወደሚባለው የዛፍና የአትክልት ስፍራ ወሰድኳት። ወርቅ የመሰለ ሂኮሪ የሚባል ዛፍ ሥር ቆማ ነጠላዋን አስተካከለችና ለረጅም ጊዜ ቀና ብላ አየች። «እንዲህ አምሮ የሚረግፍ ነገር አይቼ አላውቅም» አለች። ከዚያ ዓመት ወዲህ ፎል (ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት) መጥቶ ሳልሄድ ቀርቼ አላውቅም።

ይህን የምጽፈው ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለምትኖሩ፣ ወይም በእነዚህ ወራት ዘመድ ለመጠየቅ ለምትመጡ ነው። ፎል ሲመጣ ብዙዎቻችን ወደ ሸናንዶዋ ተራራ እንነዳለን። ሸናንዶዋ በእውነት ያምራል። ግን ሩቅ ነው፣ መግቢያው ይከፈላል፣ ቅዳሜና እሁድ መኪናው ይሰለፋል። አርቦሬተሙ እዚሁ ከተማው ውስጥ ነው። መግቢያውም በነፃ ነው።

ዋናውን ነገር ቀድሜ ልንገራችሁ። ቅጠሉ ሁሉ በአንድ ቀን አይቀላም። ዛፎቹ ተራ አላቸው። አንዱ ገና በመስከረም ይጀምራል፣ ሌላው ኅዳር እስኪገባ አረንጓዴውን ይዞ ይጠብቃል። ዘግይተው የሚያብቡት አበባዎችም እንደዚሁ ናቸው። ሰው ግን «ዘንድሮ ፒኩ (ቅጠሉ ከሁሉ የሚደምቅበት ጊዜ) መቼ ነው?» ብሎ አንድ ቅዳሜ ይመርጣል። ያ ቅዳሜ ከዘነበ «ዘንድሮ አመለጠኝ» ይላል። ተራውን ካወቃችሁ አያመልጣችሁም። ወደ ስድስት ሳምንት የሚጠጋ ጊዜ አላችሁ። ሦስት ጊዜ፣ በየተራው ለሁለት ለሁለት ሰዓት ብቅ ማለት አንድ ቀን ሙሉ ከመዞር በጣም ይሻላል።

ስለ ቦታው ጥቂት

ናሽናል አርቦሬተም በ1927 (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) በአሜሪካ ኮንግረስ ሕግ የተቋቋመ የዛፍና የአትክልት ስፍራ ነው። የሚተዳደረው በግብርና መሥሪያ ቤቱ ሥር ነው። 446 ኤከር ነው፤ ወደ 180 ሄክታር መሆኑ ነው። ስለዚህ እንደ ከተማ መናፈሻ ገብታችሁ በግማሽ ሰዓት ዞራችሁ የምትወጡት አይደለም። ውስጡ የመኪና መንገድ አለ፣ በየክፍሉም ማቆሚያ አለ። ሠራተኞቹ ደግሞ አትክልት ብቻ አይንከባከቡም። አዳዲስ ዝርያ ያዳቅላሉ። ዛሬ በየሰፈሩ ደጃፍ ላይ የምታዩዋቸው አንዳንድ ዛፎች የተወለዱት እዚህ ነው። ወደኋላ እመለስበታለሁ።

ቀን መቁጠሪያው

እኔ ለዚህ ጉብኝት የምጠቀመው የሐበሻውን ቀን መቁጠሪያ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ልክክ ብሎ ይገጥማል። ወርኃ ጽጌ መስከረም 26 ገብቶ ኅዳር 5 ይወጣል። በፈረንጆቹ ከኦክቶበር 6 እስከ ኖቬምበር 14 ማለት ነው፤ በአንዳንድ ዓመት በአንድ ቀን ይገፋል። የዲሲ አካባቢ ቅጠል ለውጥም በእነዚሁ 40 ቀናት ውስጥ ይከናወናል ማለት ይቻላል። መጸው የሚባለው ወቅታችንም የሚገባው በዚያው መስከረም 26 ነው። አገር ቤት መስኩ አበባ በሚለብስበት ሰሞን እዚህ ዛፉ ቅጠሉን ያራግፋል። ቀኑ ግን አንድ ነው።

ስለዚህ ሦስት ቀን ምልክት አድርጉ። አንዱ ጽጌ ሲገባ፣ ሁለተኛው ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ሦስተኛው ጽጌ ሊወጣ ሲል ወይም በቁስቋም ሰሞን። በየጉብኝቱ የሚታየው የተለያየ ነው።

ዓመቱ ከዓመት ይለያያል። ቅጠል ለውጡን የሚጀምረው በዋናነት የቀኑ ማጠር ነው። አዲስ አበባ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ዋሽንግተን ግን በጁን ወደ 15 ሰዓት የሚሆን ብርሃን አለ፣ በዲሴምበር ከ9 ሰዓት ተኩል አያልፍም። ዛፉ ይህን ያውቃል። አረንጓዴውን ቀለም ማምረት ያቆማል፣ ቅጠሉ ከቅርንጫፉ በሚያያዝበት ቦታ ላይ እንደ ቡሽ ያለ ነገር ይሠራል። አረንጓዴው ሲጠፋ ድሮም ውስጡ የነበረው ቢጫ ይወጣል። ቀዩ ግን አዲስ ነው። ቅጠሉ ውስጥ ከቀረው ስኳር በፀሐይ ብርሃን የሚሠራ ነው።

ይህ ለጎብኚው ጥቅም አለው። ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ያለ ግን አመዳይ ያልጣለበት ሳምንት ከመጣ ቀዩ ይደምቃል። ሰማዩ ለቀናት ደመና ከሆነ ቢጫው እንጂ ቀዩ ብዙም አያምርም። በጋው ድርቅ ከነበረ ቅጠሉ ቶሎ ቡናማ ሆኖ ይረግፋል፤ ያኔ ሁለተኛውን ጉብኝት በጥቂት ቀናት አስቀድሙት። ኃይለኛ ነፋስ ከተተነበየ ደግሞ ከነፋሱ በፊት ሂዱ። በአንድ ሌሊት ነፋስ የተራቆተ ሜፕል አይቻለሁ፤ ያሳዝናል።

ከመሄዳችሁ በፊት

አርቦሬተሙ ከዲሴምበር 25 በቀር በየቀኑ ክፍት ነው። የተለመደው ሰዓት በአሜሪካ አቆጣጠር ከጠዋቱ 8 እስከ ከሰዓት በኋላ 5 ነው። የቦንሳይ ሙዚየሙ ዘግይቶ ይከፈታል፣ ቀድሞም ይዘጋል። ሁለት በር አለ። አንዱ በኒው ዮርክ አቬኑ በኩል ነው፣ ሌላው ከብላደንስበርግ ሮድ ገባ ብሎ በአር ስትሪት በኩል ነው። ሁለቱም ሁልጊዜ ክፍት ላይሆኑ ይችላሉ፤ የትኛው በር እንደሚከፈት ጠዋት ድረ ገጻቸው ላይ እዩ።

አጠገቡ የሜትሮ ጣቢያ የለም። መኪና ከሌላችሁ በብላደንስበርግ ሮድ የሚያልፍ አውቶቡስ ይዛችሁ በአር ስትሪት በር በእግር ትገባላችሁ። ግን ውስጡም ብዙ እግር አለው። አሮጌ እናት ወይም ትንሽ ልጅ ካለ መኪና ለምኑ፣ ወይም ኡበር ተካፈሉ። መኪና ማቆሚያው አይከፈልበትም።

የሚያዝ ነገር፦ ምቹ ጫማ፣ ጃኬት፣ ውሃ፣ ቡና በፔርሙስ። ውስጡ ካፌ አገኛለሁ ብላችሁ አትሂዱ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት አባቶቻችን የጥቅምትን ብርድ አውቀው ነው፤ እዚህም ጠዋት ላይ ያንዘፈዝፋል። የጽጌን ጾም ለምትጾሙ ቆሎና ዳቦ ይበቃል። ብሔራዊ የክፍለ ግዛት ዛፎች ጫካ ውስጥ ተቀምጦ መብያ ቦታ አለ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ሁለቱንም አክብዳችሁ ያዙልኝ።

አንደኛው ፖይዝን አይቪ የሚባለው ሐረግ ነው። በፎል ቀደም ብሎ ደማቅ ቀይ ይሆናል። ልጆች «ውይ ሲያምር!» ብለው ለመያዝ ይሮጣሉ። ከነኩት ቆዳ ለሳምንታት ያሳክካል፣ ውሃ ይቋጥራል። መለያው ከአንድ ዘንግ የሚወጡ ሦስት ቅጠሎች ናቸው፤ የመካከለኛው ዘንግ ከጎንና ጎኖቹ ይረዝማል። ዛፍ ላይ የወጣው ግንድ ፀጉራም ገመድ ይመስላል። አምስት ቅጠል ያለው ሌላው ቀይ ሐረግ ቨርጂኒያ ክሪፐር ይባላል፤ ለማያውቅ ሰው ግን ሁለቱንም አለመንካት ነው።

ሁለተኛው መዥገር ነው። ብርድ ሲገባ ይጠፋል ብላችሁ አታስቡ። ላይም የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው መዥገር በኦክቶበርና በኖቬምበርም ትንቀሳቀሳለች። ከመንገዱ አትውጡ፣ ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ ቤት ስትገቡ የልጆቹን ቁርጭምጭሚት፣ ከጉልበት ጀርባና ፀጉር ሥር እዩ።

ቅጠል፣ ፍሬ ወይም አበባ መቁረጥና ይዞ መውጣት ክልክል ነው። የወደቀውንም ቢሆን እዚያው ተዉት።

የመጀመሪያው ጉብኝት፦ ጽጌ ሲገባ

በቀጥታ ወደ ፈርን ቫሊ ሂዱ። የአሜሪካ አገር በቀል ተክሎች ያሉበት ሸለቆ ነው። ጫካም አለው፣ ሜዳም አለው።

ከሜዳው ጀምሩ። በዚህ ሰሞን አስተርና ጎልደንሮድ አብበው ይገኛሉ። አስተር ሐምራዊ ሆና መሐሏ ቢጫ ነው። ጎልደንሮድ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ቢጫ ነው። እኔ ጎልደንሮድ ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የመስከረም ሜዳ ነው። አደይ አበባን አይመስልም፤ አደይ ሰፋ ሰፋ ያለ መልካም ገጽ አላት፣ ይሄ ደግሞ ከጥቃቅን አበባ የተሠራ ላባ ነው። ግን ከሩቅ ቢጫው ያው ቢጫ ነው። ሁለቱም የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው፤ ሱፍም ኑግም ከዚያው ቤት ናቸው። ጎልደንሮድን ብዙ ሰው የሚያስነጥሰው እሱ ይመስለዋል። ያለ ስሙ ስም ሰጥተውት ነው። የሚያስነጥሰው አጠገቡ የሚበቅለውና ዓይን የማይገባው ራግዊድ ነው። የጎልደንሮድ የአበባ ዱቄት ከባድና ተጣባቂ ስለሆነ ንብ እንጂ ነፋስ አይሸከመውም። ጠጋ ብላችሁ ቁሙና እዩ፤ በንብና በቢራቢሮ የተሞላ ነው። ሞናርክ የተባለችው ቢራቢሮ በዚህ ሰሞን ወደ ሜክሲኮ እየተጓዘች ስንቅ የምትቋጥረው ከእነዚህ አበባዎች ነው።

ከዚያ ወደ ዛፎቹ። በዚህ ተራ ሦስቱን ፈልጉ። ብላክ ገም የሚባለው ከሁሉም ቀድሞ ይቀላል፤ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ ነው። ዶግዉድ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል፣ ጫፉ ላይ ቀይ ፍሬ ይይዛል፣ ወፎች ይሻሙበታል። ሦስተኛው ሳሳፍራስ ነው፤ እሱን ለልጆች ተዉላቸው። አንድ ዛፍ ላይ ሦስት ዓይነት ቅጠል አለው። አንዱ ድፍን ነው፣ አንዱ አውራ ጣት እንዳለው ጓንት ነው፣ አንዱ ባለ ሦስት ጣት ነው። «ሦስቱንም ቀድሞ ያገኘ» ብላችሁ ልቀቋቸው። የእኔዎቹ ሃያ ደቂቃ ጸጥ ብለው ፈልገዋል።

ዛፎቹ ላይ ትንሽ የስም ሰሌዳ ተንጠልጥላ ታገኛላችሁ። ስሙን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። በኋላ ሰፈራችሁ ውስጥ ያንኑ ዛፍ ስታገኙት የምታውቁት ሰው እንዳገኛችሁ ነው የሚሰማችሁ።

ሁለተኛው ጉብኝት፦ ጥቅምት አጋማሽ

ይህ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ተራ ነው። ከኦክቶበር 20 እስከ ወሩ መጨረሻ ያስኬዳል። ከተቻለ በሥራ ቀን ሂዱ።

መነሻችሁ ብሔራዊ የክፍለ ግዛት ዛፎች ጫካ ይሁን። እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ዛፍ አለው፤ እነዚያ ዛፎች ናቸው እዚህ በአንድነት የተተከሉት። የምትኖሩበትን ፈልጉ። የሜሪላንዱ ዋይት ኦክ ነው። የቨርጂኒያው ዶግዉድ ነው። የዲሲው ስካርሌት ኦክ ነው፤ እሱ ዘግይቶ ስለሚቀላ አሁን ገና አረንጓዴ ሊሆን ይችላል፣ በሦስተኛው ጉብኝት ትመለሱበታላችሁ። አሁን ተራው የሹገር ሜፕል ነው። ኒው ዮርክ፣ ቨርሞንት፣ ዌስት ቨርጂኒያና ዊስኮንሲን አራቱም የመረጡት ይህንኑ ዛፍ ነው። ለምን እንደመረጡት ሥሩ ስትቆሙ ይገባችኋል። አንድ ዛፍ ላይ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ አንድ ላይ ይወጣል። ከላይ ይጀምርና ወደ ታች ይወርዳል።

ሹገር ሜፕልን ከሬድ ሜፕል ለመለየት የቅጠሉን ጠርዝ እዩ። የሹገር ሜፕል ጠርዝ ለስላሳ ነው፣ ጣቶቹ የሚገናኙበት ቦታም ክብ ነው። የሬድ ሜፕል ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ አለው፣ የጣቶቹ መገናኛም ሹል ነው። ሜፕል መሆኑን ራሱ ለማወቅ ደግሞ ቅርንጫፉን እዩ፤ ቅጠሎቹ ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጣሉ። ኦክና ሂኮሪ ግን አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ እያሉ ነው የሚወጡት።

ቢጫ የምትወዱ ሂኮሪና ቱሊፕ ፖፕላርን አትለፉ። ሰው ቀይ ቀዩን እያየ ቢጫውን ይዘላል። እኔ በበኩሌ ቢጫውን አስበልጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከጀርባው ስትመጣ ሂኮሪ ከውስጡ ፋኖስ የበራበት ይመስላል።

ቀጥላችሁ በአገሪቱ የድሮ ዓምዶች በኩል እለፉ። ሰፊ ሜዳ ላይ 22 ትልልቅ የድንጋይ ዓምዶች ጣራ ሳይኖራቸው ቆመው ታያላችሁ። በ1828 የኮንግረሱ ሕንፃ ምሥራቃዊ ደጃፍ ላይ ቆመው የነበሩ ናቸው። ሕንፃው በ1958 ሲሰፋ ተነሡና ለዓመታት ተጋድመው ቆዩ። እዚህ መቆማቸው የተመረቀው በ1990 ነው። በዚህ ወር ሜዳው ላይ ያለው ረጅም ሣር ወደ ወርቅማ ቡናማ ይለወጣል፤ ፎቶ የምታነሡት እዚህ ነው። የቬሎ ወይም የምረቃ ፎቶ ባለሙያ ይዛችሁ ለመሄድ ካሰባችሁ ግን ፈቃድና ክፍያ እንዳለው አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የመጨረሻው ማረፊያ ብሔራዊ የቅመምና የመድኃኒት ተክሎች አትክልት ነው። በ1980 ነው የተከፈተው። ጥቅምት ላይ ብዙው ተክል ደክሟል፤ ሳልቪያ የሚባሉት አበባዎች ግን አሁን ነው ጉልበት የሚያገኙት። አናናስ የምትሸት ቀይ አበባ ያላት ሳልቪያ አለች። ሐምራዊ ከፋይ የመሰለችም አለች። ቀኑ ሲያጥር ነው የሚያብቡት፣ እስከ አመዳይ ይቆያሉ። ሥጋ መጥበሻ የሚባለውን ቅጠልም (ሮዝመሪውን) በዓይናችሁ ብቻ አትለፉት፤ ሳትቆርጡ እጃችሁን በስሱ አሳልፉበትና አሽቱ። እናቴ እዚህ ጋ ስትደርስ ነው አገሯ የገባች ያህል የተዝናናችው።

መንገዳችሁን ከመጨረሳችሁ በፊት ፈርን ቫሊ ተመልሳችሁ አንድ ነገር እዩልኝ። ዊች ሄዝል የሚባል ቁጥቋጦ አለ። ቅጠሉ እየረገፈ ሳለ ያብባል። አበባው እንደ ተጨማደደ የቢጫ ወረቀት ክር ነው። ከቢጫ ቅጠሉ ጋር ስለሚመሳሰል አጠገቡ ቆመው የማያዩት ብዙ ናቸው። ቅርንጫፉን በዓይናችሁ ተከተሉ።

ሦስተኛው ጉብኝት፦ ጽጌ ሊወጣ ሲል

ብዙ ሰው «አልቋል» ብሎ የሚቀርበት ይህ ጉብኝት ነው። ለእኔ ከሦስቱም የሚበልጠው ግን እሱ ነው። ሰው የለም፣ አየሩ ጥርት ያለ ነው፣ ብርሃኑ ዝቅ ብሎ ይመጣል።

አንድ ነገር አትርሱ። በኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ ሰዓቱ ወደኋላ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ከሰዓት 5 ላይ ይጨልማል። ስለዚህ ጠዋት ሂዱ፤ ካልሆነም ከሰዓት በኋላ ከ1 አትለፉ።

መጀመሪያ ቦንሳይ ሙዚየም ግቡ። ቦንሳይ በትንሽ ዕቃ ውስጥ የሚያድግ፣ ለዓመታት እየተቆረጠና እየተገራ የተያዘ ዛፍ ነው። ሙዚየሙ የተጀመረው ጃፓን በ1976 ለአሜሪካ 200ኛ ዓመት ባበረከተችው 53 ዛፍ ነው። ከመካከላቸው አንድ ጥድ አለ። ከ1625 ጀምሮ በሰው እጅ ሲታነጽ የኖረ ነው፤ የእኛው አፄ ሱስንዮስ ዘመን ማለት ነው። በ1945 ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲጣል ይህ ዛፍ ከፍንዳታው ከ3 ኪሎ ሜትር ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ነበር፣ ተረፈ። ጥድ ስለሆነ ቀለም አይለውጥም። በዙሪያው ያሉት ትንንሽ ሜፕሎችና ጊንኮዎች ግን ቅጠላቸው ቀልቶና ወርቅ ሆኖ ታገኛላችሁ። ጉልበት የማይደርስ ዛፍ እንደ ትልቁ ወንድሙ ወቅቱን ጠብቆ ሲረግፍ ማየት ለልጅም ለአዋቂም ደስ ይላል። እዚህ ደረጃና ጠጠር ብዙም ስለሌለ ለአዛውንትም ይመቻል።

ቀጥሎ ወደ ጎቴሊ የጥዶች ስብስብ ንዱ። ድንክና አዝጋሚ እድገት ያላቸው ጥዶች ናቸው። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ መሳይና ቢጫ ሆነው ክረምት ከበጋ ቀለማቸውን ይዘው ይቆማሉ። በመካከላቸው የጃፓን ሜፕል ቀይ ሲቆም ያለው ውበት ሌላ ቦታ አይገኝም። እዚያው አካባቢ ዶን ሬድዉድ የሚባሉ ረጃጅም ዛፎች አሉ። ጥድ ይመስላሉ፣ ግን ቅጠላቸው የዛገ ብረት ቀለም ይዞ ይረግፋል። ይህ ዛፍ በ1940ዎቹ ቻይና ውስጥ በሕይወት እስኪገኝ ድረስ ሳይንቲስቶች የሚያውቁት ድንጋይ ላይ በቀረ አሻራው ብቻ ነበር። ከጠፋ ሚሊዮን ዓመታት ያለፈው መስሏቸው ነበር። ሥሩ ያለው ምንጣፍ ለስላሳ ነው፤ ትንሽ ቆሙበት።

ጊንኮም ተራው አሁን ነው። ቅጠሉ ማራገቢያ ይመስላል፣ ጥርት ያለ ቢጫ ይሆናል። ጠንካራ አመዳይ በጣለ ማግስት ቅጠሉን በሙሉ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያራግፋል። ዕድለኛ ከሆናችሁ ቅጠሉ እንደ ዝናብ ሲወርድ ትደርሳላችሁ። ሴቴዋ ዛፍ የምትጥለው ፍሬ መጥፎ ይሸታል፣ ቆዳም ያስቆጣል፤ አትርገጡት፣ በእጅም አትንኩት።

ወደ ተዋችሁት የዲሲው ስካርሌት ኦክ አሁን ትመለሳላችሁ። ቅጠሉ በጥልቀት የተቦረቦረ ነው። ሌላው ኦክ ወደ ቡናማ ሲሄድ እሱ ደም ይመስላል።

ክሬፕ ሜርትሎቹንም እዩ። በበጋ አበባቸውን ታውቁታላችሁ፤ በየመንገዱ አሉ። አሁን ደግሞ ቅጠላቸው ብርቱካናማና ቀይ ይሆናል፣ ግንዳቸው ልጡን ጥሎ ቀረፋ ይመስላል። ዶናልድ ኢጎልፍ የተባለው የአርቦሬተሙ አዳቃይ ያወጣቸው ዝርያዎች በአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ስም ነው የሚጠሩት። ነጭ አበባ ያለው ናቸዝ ከእነሱ አንዱ ነው።

መጨረሻ ላይ ወደ እስያ ክፍል ውረዱ። ቁልቁለቱ እስከ አናኮስቲያ ወንዝ ይዘልቃል። ጉልበት የሚያመው ሰው ከላይ ባለው ማቆሚያ አካባቢ ቢቆይ ይሻላል። ከመንገዱ ገባ ስትሉ መጀመሪያ አፍንጫችሁን የሚያገኘው ኦስማንተስ የሚባለው ተክል ሊሆን ይችላል። አበባው የጤፍ ያህል ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ሽታው ግን ከሩቅ ይጣራል።

እዚህ የመጣነው ግን ለካሜሊያ ነው። ካሜሊያ የሻይ ቅጠል ዘመድ ናት። ቅጠሏ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ አበባዋ ጽጌረዳ ይመስላል። በ1970ዎቹ መጨረሻ በተከታታይ ከባድ የብርድ ወራት መጡና እዚህ የነበረውን የካሜሊያ ስብስብ አብዛኛውን ገደሉት። ዊልያም አከርማን የተባለው የአርቦሬተሙ ተመራማሪ ከሞቱት መካከል የተረፈውን ፈለገ። ከቻይና የመጣች ነጭ አበባ ያላት አንዲት ካሜሊያ ምንም ሳትሆን ቆማ አገኛት። እሷን በመጸው ከሚያብቡት ጋር አዳቀለ። ዛሬ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር በዚህ ከተማ የሚያብቡት ብርድ የሚችሉ ካሜሊያዎች የእሷ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ዛፉ ሁሉ በተራቆተበት ቀን ሮዝና ነጭ አበባ ይዘው ስታዩዋቸው ዝም ብላችሁ አትለፉ።

ካሜሊያውን ቤታችሁ ለመትከል

ግቢ ወይም ደጃፍ ላላችሁ፣ ይህ ተክል ይሆናችኋል። በየችግኝ መሸጫው በመጸው የሚያብቡትንና ብርድ የሚችሉትን ብላችሁ ጠይቁ። ከአከርማን ዝርያዎች ዊንተርስ ስታር ሮዝ ናት፣ ስኖው ፍለሪ ነጭ ናት።

አበባዋን አይታችሁ በኖቬምበር ምረጧት፣ መትከሉን ግን ለኤፕሪል አቆዩት። ሥሯ ብርዱ ሳይመጣ በጋውን በሙሉ ለመስፋት ጊዜ ያገኛል። የጠዋት ፀሐይ በቀጥታ የማይመታት፣ የሰሜን ምዕራብ ነፋስ የማያገኛት የግድግዳ ጥግ ምረጡ። በብርድ ወር የጠዋት ፀሐይ የቀዘቀዘ እምቡጥ ላይ በድንገት ሲያርፍ ያቃጥለዋል። አፈሩ ውሃ የማይቋጥር፣ አዛሊያ የሚስማማው ዓይነት ኮምጣጣ ይሁን። ጉድጓዱን ከሥሩ ስፋት ሁለት እጥፍ ቆፍሩ፣ ጥልቀቱን ግን አታብዙ። ካሜሊያ በጥልቀት ከተቀበረች ታኮርፋለች። የሥሯ አናት ከመሬቱ በሁለት ጣት ከፍ ብሎ ይቁም። ላዩን በጥድ ቅጠል ሸፍኑት፣ ግንዱን ግን አታስነኩት። የመጀመሪያውን በጋ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ጥልቅ አድርጋችሁ አጠጧት።